1 ኪሎባይት

ትላንት እህቴ ሲቪ ፕሪንት ልታስደርግ ሄዳ ፍላሿን ይዛ ተመለሰች፣ "ፋይሌ በሙሉ ጠፋ" ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ዲፌንደር ወዲያው ቫይረስ አለ አለኝ፣ ያው ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ በነፃ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ እኔ ራሴ ስንቀው የነበረው። ፎልደሮቿ በሙሉ ትንሽዬ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚወስድ አቋራጭ) ሆነዋል፣ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎባይት፤ የስንት ዓመት ፎቶ 1 ኪሎባይት! ቫይረሱ ለካ ፋይሉን አያጠፋውም፣ ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ፎልደር የከፈትን ሲመስለን ቫይረሱን ነው የምናስነሳው። ካፀዳሁት በኋላ የተደበቁ ፋይሎችና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ሳደርግ ፎቶዎቿ ደብዘዝ ብለው ብቅ ብቅ አሉ።

"ስንት ብር ነው ይሄ አንቲቫይረስ?" አለችኝ። ነፃ ነው ስላት ፊቷ ወዲያው ተጠራጠረ። ነፃ ነገር አናምንም፣ ሳይከፈልበት እንዲሰራ ክራክ የተደረገውን ፕሮግራም ግን ከማናውቀው ሰው ተቀብለን እንጭናለን (እኔም ጭኛለሁ፣ አልዋሽም)።

ዛሬ ሲቪዋን በቴሌግራም ልካ ፕሪንት አስደረገች። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች።