ከደም አዳነኝ

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። አፍሬ ነው። ሌሎች ከሞት ስለ መዳናቸው ሲመሰክሩ እሰማለሁ፤ እኔን ግን ጌታ ያዳነኝ ሰው ከመግደል ነው።

የምሠራው ባሕር ላይ ነዳጅ በሚቆፍር ሪግ ላይ ነው። 28 ቀን ባሕር ላይ፣ 28 ቀን ቤት። ባሕር ላይ ስንሆን በቀን 12 ሰዓት እንሠራለን፤ የቀኑ ሺፍት ሲወጣ የሌሊቱ ይገባል፣ ቁፋሮው አያርፍም። ሥራውን ስጀምር ጸሎቴ ሁሉ ስለ ራሴ ነበር። ወደ ሪጉ የምንሄደው በሄሊኮፕተር ነውና፣ ባሕር ላይ ቢወድቅ መውጣት እንድንችል ስልጠና ላይ ሄሊኮፕተር በሚመስል ሣጥን ውስጥ በቀበቶ ታስረን ገንዳ ውስጥ እንገባለን፤ ሣጥኑ ይገለበጣል፤ ቁልቁል ተዘቅዝቀን፣ ውኃው በአፍንጫችን እየገባ፣ መስኮቱን በዳበሳ አግኝተን ገፍተን እንወጣለን። ከዚያ ወዲህ ሄሊኮፕተር በተሳፈርኩ ቁጥር እጄን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጌ "ጌታ ሆይ በሰላም አድርሰኝ" እላለሁ። ከእሳት፣ ከጋዝ፣ ከማዕበል እንዲጠብቀኝ ለምኜዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆኛል።

እናቴ ግን ልሄድ ስል በስልክ ስትጸልይልኝ ሁልጊዜ የምትጨምራት ቃል አለች፦ "ልጄን ከደም አድነው።" ዳዊት በመዝሙር 51 የለመናት ልመና ናት። እኔ ደሜ እንዳይፈስ የምትለምንልኝ ይመስለኝ ነበር። አሜን ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ስንቆፍር ወደ ጉድጓዱ የምንልከው ጭቃ አለ። ክብደቱ ነው ከታች ያለውን ጋዝና ዘይት ተጭኖ የሚይዝልን፤ ከቀለለ ጉድጓዱ ሊገነፍል ይችላል። ክብደት የሚሰጠው ባራይት የሚባል ዱቄት ደግሞ ዝም ካሉት ይዘቅጣል። ስለዚህ በየታንኩ ውስጥ ትልቅ ማማሰያ አለ፤ ሞተሩ ከላይ፣ የብረት ክንፉ ከታች። ታንክ ሊጸዳ ሰው ሲገባ የማማሰያው መብራት ይቆረጣል፣ የሚገባው ሁሉ የየራሱን ጓጉንቸር ማጥፊያው ላይ ይቆልፋል፣ የሥራ ፈቃድ ይጻፋል።

ያን ዕለት የቀኑ ሺፍት አንዱን ታንክ ሲያጸዳ ውሏል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ስንረከብ ሥራው አልቋል ተባለ። ፈቃዱ ተፈርሞ ተዘግቷል፣ ጓጉንቸሮቹ ተነስተዋል፣ የታንኩ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅ የነበረውም ሰው ሄዷል። አለቃዬ "ጭቃ ከመሙላታችን በፊት ማማሰያውን ለአፍታ አስነስተህ እየው" አለኝ። ከማስነሳቴ በፊት ታንኩን ራሴ ማየት ነበረብኝ። ይህን አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ግን ወረቀቱ አልቋል ይላል፣ ፓምፖቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ይጠብቀኛል። ሄጄ አውራ ጣቴን አረንጓዴው ማስነሻ ላይ አደረግሁ።

ድምፅ ሰማሁ አልልም፤ በጌታ ስም ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አልዋሽም። የመጣብኝ የእናቴ ቃል ነው። "ከደም አድነው።" ለዓመታት የሰማሁት ቃል ያን ጊዜ ብቻ ትርጉሙ ተለወጠብኝ፤ ደሙ የእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ጣቴን አነሳሁ። ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ወደ ታንኩ አፍ ሄጄ በእጅ ባትሪዬ ወደ ውስጥ አበራሁ።

መጀመሪያ የታየኝ የቦት ጫማ ሶል ነው። ሁለት ሶል፣ ጭቃ በጭቃ የሆነ። ሰውየው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከክንፉ ስር ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ጮህኩ። ዞር ብሎ በእጁ ያለውን ከፍ አድርጎ አሳየኝና "መብራቴን ረስቼው ነው፣ መጣሁ መጣሁ!" አለኝ። ጓጉንቸሩን ካነሳ በኋላ ነው የተመለሰው። አንዲት መብራት ብሎ።

እስኪወጣ አፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ወጥቶ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሊታጠብ ሄደ፤ ምን እንደተረፈ አያውቅም። እኔ እዚያው ብረቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬ አልያዘኝም። ቀጥሎ ለአለቃዬ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ፣ ጣቴ የት እንደነበረ ጭምር። ሥራው ቆመ፣ ሁለቱም ሺፍት ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ የገባው ሰው ሁሉ በየስሙ ተጠርቶ አፉ ላይ ካልታየ አንድም ጓጉንቸር አይነሳም።

አንዳንድ ወንድሞች "ያዳነው የደኅንነት ደንቡ ነው" ይሉኛል። ደንቡን እወደዋለሁ፣ የተጻፈው በደም ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 ሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ በሚባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ የቀን ሠራተኞች የአንዱን ፓምፕ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ፈትተው ነበር፤ ሥራው ሳያልቅ መሸ፤ ወሬው ለሌሊቶቹ በደንብ ሳይደርስ ያ ፓምፕ ተነሳ። 167 ሰው አለቀ። ይህን በስልጠና ተምሬዋለሁ። ተምሬውም ጣቴ ማስነሻው ላይ ነበር! ያን ማታ ወረቀቱ ታንኩ ባዶ ነው ይል ነበር። ጣቴን ያነሳልኝ እግዚአብሔር ነው፤ ሌላ ማንንም ላመሰግን አልችልም።

ሌሊቱን ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች፤ የተቋረጠ መስሎኝ "እማዬ?" ብዬ ተጣራሁ። "አለሁ" አለች። ከዚያ "የልጁ ስም ማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አሁን በስልክ ስትጸልይልኝ ሁለት ስም ትጠራለች።