የጨፈርኩለት ጋፕ

ሰላም ጓዶች፣ ባለፈው ከጻፍኩላችሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን የራሴን ዳታ ይዤ መጥቻለሁ። ቅሌቴንም ጭምር።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ክሪስታል ላይ ብርሃን እናበራለን፣ ኤሌክትሮኖች ተፈናጥረው ይወጣሉ፣ በየትኛው አንግል በምን ያህል ጉልበት እንደወጡ ለክተን ውስጥ እያሉ እንዴት ይንቀሳቀሱ እንደነበር እናሰላለን። አርፔስ ማለት ይኸው ነው።

የያዝኩት ቢ-2212 የሚባለውን ኩፕሬት (መዳብና ኦክስጅን ያለበት ክሪስታል) ነው። ወደ 90 ኬልቪን ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም ያስተላልፋል። እኛ የምንወደው ግን በቀላሉ ስለሚላጥ ነው። ላዩ ላይ ፕላስተር ትለጥፋላችሁ፣ ቫክዩም ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ ከውጭ በሚንቀሳቀስ ዘንግ ፕላስተሩን ስትገፉት ስስ ልጣጭ ይዞ ይነሳል፤ ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አየር ያልነካው ገጽ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ክሪስታሌ ግን ከነፕላስተሩ ተነቅሎ ወደቀ፤ እስካሁን ቫክዩሙ ወለል ላይ ተኝቶ በመስኮቱ ያየኛል።

ወደ ቅሌቴ ልምጣ። ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሊይዙት የማይችሉት የጉልበት ክፍተት አለ፤ ጋፕ የምንለው እሱን ነው። በዚህ ቁስ ጋፑ በየአቅጣጫው አንድ አይደለም። በመዳብና ኦክስጅን ትስስር አቅጣጫ ትልቅ ነው፤ በ45 ዲግሪው ሰያፍ ላይ ግን ዜሮ መሆን አለበት። እኔ ሰያፉ ላይ 8 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) አገኘሁ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻዬን ጨፈርኩ፣ ለአማካሪዬም ጻፍኩ። ጠዋት የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ብርሃኑን በግማሽ ቀንስና ድገመው።»

ደገምኩት። ጋፑም ወደ 4 ወረደ።

እውነተኛ ጋፕ መብራት ሲቀነስ አይቀንስም። ለካ ክሪስታሉን ከመያዣው ጋር ያያያዝኩበት የብር ሙጫ በደንብ አልደረቀም። የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች የሚተካ በቶሎ አይደርስም፤ ክሪስታሉ ፖዘቲቭ እየሆነ የሚወጡትን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ጉልበታቸው ይቀንሳል። ጋፕ ስለሌላት ለዜሮ ማነጻጸሪያ አጠገቡ ያስቀመጥኳት ወርቅ ግን ግራውንድ ስለነበረች ንቅንቅ አላለችም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው ጋፕ ብዬ የጨፈርኩለት።

አሁን ሙጫውን ምድጃ ውስጥ አደርቃለሁ፣ ከምንም በፊት በሁለት የብርሃን መጠን እፈትናለሁ። በአዲሱ ናሙና ሰያፉ ከወርቁ ጋር ገጠመ፤ በትልቁ አቅጣጫ 35 አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ወደ 110 ኬልቪን አሙቄ፣ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ጋፕ ማየት እፈልጋለሁ። የቀረኝ ክሪስታል ግን ሦስት ብቻ ነው፤ ፕላስተር ላይ እጁ የሰላ ሰው ካለ ይምከረኝ።