እንኳን አደረሳችሁ፤ እኔ ግን ደረጃ መውረድ አልቻልኩም

እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2016 የሰላምና የጤና ዓመት ይሁንልን።

ይህን የምጽፍላችሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እግሬን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው። ደረጃ መውጣቱ አያቅተኝም። ጉዱ ስወርድ ነው። ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ነው የምወርደው። ሽንኩርቱን ጠዋት አንድ ዙር ወርጄ አቁላልቼ፣ ዶሮውን ጥጄ ተመለስኩ። አሁን ሽታው እየጠራኝ ከደረጃው ጋር እየተደራደርኩ ነው።

እንኳንም ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ሆነች። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ቀን ሙሉዋን ተኝቼ ነው ያሳለፍኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ጳጉሜ 5 እዚህ እንግሊዝ፣ ኒውካስል ከተማ ግሬት ኖርዝ ረን የሚባለው ግማሽ ማራቶን ነበር። ከከተማው መሃል ተነስቶ ሳውዝ ሺልድስ፣ ባሕሩ ዳር ያልቃል። ሮጥኩት። ማታ ደሴ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ግማሽ ማራቶን ሮጥኩ።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ልጄ? ምን አመመሽና አቋረጥሽው?» አለችኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ግን አልተሳሳተችም። እኛ ቤት ሩጫ ማለት በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ባንዲራ ተለብሶ፣ እንባ ተፈስሶ የሚያልቅ ነገር ነው። ግማሽ ማራቶን ደግሞ ኦሎምፒክ ላይ የለም። ወርቅ የለው፣ እንቅልፍ አጥቶ የጠበቀው ሰው የለ። እናቴ ስለሱ ከየት ትሰማለች? «ግማሽ» ሲባል የታያት ልጇ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ቁርጭምጭሚቷን ስትይዝ ነው።

ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ያቺ 97 ሜትር ተኩል ጳጉሜ ናት። አሥራ ሁለቱ ወር አለቀ ስትሉ፣ ቆይ ገና ነኝ የምትል።

ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ካላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ትሮጫለሽ?» ነው። እኔ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሌ ቱታ ረሳሁ እያልኩ ጥግ የምቀመጥ ተማሪ ነበርኩ። ሥራ ቦታ እንደምሮጥ ሲሰሙ አንዱ ባልደረባዬ የምር «ስንተኛ ለመውጣት አስበሻል?» አለኝ። ምን ልበለው? የአገሬን ስም እንዳላሰድብ ብቻ ነበር ጭንቀቴ።

ደግሞ መንገዱ ራሱ ያሳቅቃል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኃይሌ በ2010፣ ጥሩነሽ በ2012 አሸንፈውበታል። በ2013 ቀነኒሳ፣ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህና ኃይሌ ሦስቱም ተሰልፈው ቀነኒሳ ሞ ፋራህን በአንድ ሰከንድ ቀደመው። እሑድ ዕለትም ታምራት ቶላ ነው በ59 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ያሸነፈው። ሞ ፋራህ አራተኛ ወጥቶ ሩጫን የተሰናበተውም እዚሁ ላይ ነው። እኔና ታምራት እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ አንድ ርቀት ሮጥን። ልዩነታችን ትንሽ ነው። ተሳታፊው ወደ 60 ሺህ ሰው ስለሆነ በየምድብ እየተከፈለ ነው የሚለቀቀው። እኛ የኋላዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። እኔ የመነሻውን መስመር ስረግጥ እሱ ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ነበር።

ለምን ገባሽበት ትሉኝ ይሆናል።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ «ፔት» ይሉኛል። እዚህ ሰሜን እንግሊዝ «ሆዴ» እንደማለት ነው። ይህ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ከ12 ሺህ ገደማዎቹ ሯጮች አንዱ ነበሩ። የልጆቻቸው ስም የሚጠፋባቸው ሌሊት ነበረ። ያቺ ቀን ግን አትጠፋባቸውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስተው ጫማቸውን ይፈልጋሉ። «ሩጫው ሊያመልጠኝ ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን «ሌሊት ነው፣ ይተኙ» እያልኩ እሟገት ነበር። እልህ ውስጥ እንገባለን፣ ሁለታችንም ይደክመናል። ኋላ ላይ ዘዴ መጣልኝ። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ የጫማቸውን ክር አስርላቸዋለሁ። «እሺ አባባ፣ ድልድዩ ጋ ደረስን?» እላለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን ይወስዱኛል። ድልድዩን፣ ረጅሙን ዳገት፣ ድንገት የምትመጣዋን ቁልቁለት፣ ከዚያ ባሕሩን። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ቀስ ብዬ ጫማውን አወልቃለሁ።

የካቲት ላይ መመዝገቤን ስነግራቸው ሳቁና «ቀስ ብለሽ ጀምሪ፣ ፔት» አሉኝ። ሰኔ ላይ አረፉ።

ልምምዱን ታውን ሙር የሚባል ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው የሠራሁት። ከተማ መሃል ላሞች ይግጡበታል። እኔ ስንቴ ተዟዙሬ ሳልፍ እነሱ አንገታቸውን ሳያቀኑ ያመነዥካሉ። ፍልሰታን እንኳ ሽሮ በልቼ ነው የሮጥኩት። በሩጫው ጠዋት ሰው ሁሉ በላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ነገር ሲመጥ እኔ በሶ በማር በጥብጬ ጠጣሁ። ይህን ያህል ኢትዮጵያዊ አትሌት ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ከኋላ የምንሮጥ ሰዎች፣ ታምራት በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ነገር እናያለን። የሰው ጀርባ።

ብዙው ሰው ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ ነው የሚሮጠው። ለማን እንደሚሮጥ ደግሞ ጀርባው ላይ ይጽፋል። «ለአባቴ።» «ለእህቴ፣ 34 ዓመቷ ነበር።» የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶ፣ ጥርሷ የወለቀ፣ እየሳቀች። አንድ ጎልማሳ ጀርባ ላይ «አምና ይህን ጊዜ መራመድ አልችልም ነበር» ይላል። እየከበደው ነው የሚሄደው። ላልፈው እችል ነበር። አላለፍኩትም፤ ለአንድ ማይል ያህል ከኋላው ሄድኩ። እንደ አውራሪስ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ሁለታችንንም ቀደመን። በአውራሪስ መቀደም ብሔራዊ ውርደት ይሁን አይሁን እስካሁን አልወሰንኩም።

ሰዓቴን ማየት ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው። በፍጥነት መሮጥ ጥሩ ነገር ነው፣ እግር የሰጠው ይሩጥ። ግን እዚያ ጀርባ ላይ ያለውን ለማንበብ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። እኔም ካናቴራዬ ላይ በማርከር «ለአባባ» ብዬ በአማርኛ ጽፌ ነበር። ማንም እንደማያነበው እያወቅኩ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከወንዙ ይልቅ የሰው ጩኸት ነበር የሚፈሰው። ከዚያ ወዲያ መንደር ለመንደር ነው። ሰዎች ከቤታቸው ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ልጆች ብርቱካን ቆራርጠው በትሪ ይዘዋል። አንዷ አሮጊት የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዛ ያለፈውን ሁሉ ታርከፈክፋለች፤ አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ላይ ከየግቢው እንደሚረጩን። ስማችን ደረታችን ላይ ስላለ እያነበቡ ይጠሩናል። የእኔን ስም ስንት ቦታ እንደሰበሩት አትጠይቁኝ። «ሀዌይ!» ይላሉ። የእኛ «አይዞሽ» ናት።

ማይል 10 ላይ ረጅሙ ዳገት ጀመረ። አባባ ስለሱ ሲነግሩኝ ሁሌ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጥፍሬ ጫማዬ ውስጥ ተላቋል፣ ሙቀቱ ጉሮሮዬን አድርቆታል። ቆምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልተወው ነበር። የእናቴ ቃል ሊፈጸም ምንም አልቀረውም።

ከዳር «ኣጆኺ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ጀርባዬን አንብባዋለች። ፊደሉን ነዋ ያየችው! «ኣጆኺ ሓፍተይ!» አለች ደግማ፤ በትግርኛ «አይዞሽ እህቴ» ማለቷ ነው። ከአሥመራ ትሁን ከመቀሌ አልጠየቅኳትም። ጊዜውም አልነበረም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩላትና መሮጥ ጀመርኩ። ለአንድ ሰው እንኳ ይነበብ ብዬ ባልጻፍኩት ጽሑፍ ነው ዳገቱን የወጣሁት።

ከዚያ ቁልቁለቷ መጣች። በ2013 ቀነኒሳ ጥሏቸው የወረደባት ናት። እኔ ጉልበቴን ይዤ፣ «እማ ድረሽልኝ» እያልኩ ወረድኳት። ከፊት ባሕሩ ተዘረጋ። እሳቸው እንቅልፍ የሚወስዳቸው ቦታ። የቀረችው አንድ ማይል ቀጥ ያለች ናት። ማልቀሴን ያወቅኩት ከንፈሬ ላይ ጨው ሲመጣ ነው፤ ላብም ሊሆን ይችላል።

2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ።

ሜዳልያዬን አንገቴ ላይ ካጠለቁልኝ በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። እንደዚያ ያለ ዝናብ እዚህ አገር አይቼ አላውቅም። መንገዱ ጎርፍ ሆነ፣ ሰው ላስቲክ ተከናንቦ መጠለያ ይፈልጋል። እኔ ቆምኩ። የጳጉሜ ዝናብ ነው እኮ! ሩፋኤል ሁለት ቀን ዘግይቶ መምጣቱ ነው እንጂ። ልጅ ሆነን ግቢ ውስጥ ወጥተን «አሳድገኝ» እያልን የምንዘልለው። ፊቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ ታጠብኩ። አንዲት ሴትዮ ራሴን የሳትኩ መስሏት ክንዴን ይዛ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ጸበል ነው ብዬ እንዴት ላስረዳት? ደህና ነኝ አልኳት።

ዛሬ በዓል ላይ የምትሠሩ አላችሁ። ዱባይ፣ ቤይሩት፣ የሰው ቤት ቆማችሁ የምትውሉ፤ ሆስፒታል የምታድሩ። እኔም ሦስት እንቁጣጣሽ በፈረቃ ላይ አሳልፌአለሁ። በተለይ ለእናንተ እንኳን አደረሳችሁ።

ጠዋት እማዬ ጋ ድጋሚ ደወልኩ። እነሱ ጋ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ፎቶ መላክ የለም፣ በቪዲዮ መተያየት የለም። በዓሉን በድምፅ ብቻ ነው ያከበርነው።

«ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሽ?»

«ሠላሳ ስድስት ሺህ ምናምነኛ።»

ትንሽ አሰበች። «ከኋላሽ ሰው ነበረ?»

«ብዙ ሺህ ሰው፣ እማ።»

«በይ ተመስገን ነው» አለች። ከዚያ፣ «ሜዳልያ ሰጡኝ ነው ያልሽው? እንዴት ነው የማየው ታዲያ?»

አጠገቤ የቡና ሲኒ ነበር። ሜዳልያውን ሲኒው ላይ መታሁት። ቅጭል አለ።

«ሰማሽው?»

«ቆይ፣ ቆይ።» ጎረቤታችንን ስትጣራ ሰማሁ። እርምጃ፣ የበር ድምፅ፣ የልጆች አበባየሆሽ ከሩቅ። ስልኩን ለሴትየዋ ስታቀብላት፣ «ጨርሳዋለች እኮ፣ አላቋረጠችም» ትላታለች።

«እስኪ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት።

በሉ፣ ዶሮው ሳያርብኝ ልውረድ።