መኪናዬ በየወቅቱ ነዳጅ አበላሏ ለምን ይለያያል? መዝግቤ ያየሁት

ብርድ ሲገባ መኪናዬ ነዳጅ መብላት ትጀምራለች፣ ብርዱ ሲያልፍ ደሞ ትተዋለች። ለማንም ብነግር መልስ አያጣም፣ አንዱ ካንዴላ ቀይር ይላል፣ አንዱ ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫውን) አሳጥብ፣ ሌላው ደሞ ማደያው ነው የሚያጭበረብርህ ብሎ ይምላል። እኔ ያልተዋጠልኝ ግን አንድ ነገር ነው፣ ብልሽት ቢሆን ኖሮ እኮ አየሩ ሲሞቅ በራሱ አይድንም፣ ያረጀ ካንዴላ ወቅት አይመርጥም። ስለዚ ምንም ነገር ከመቀየሬ በፊት ልመዝግብ ብዬ ተነሳሁ።

ክሩስኮቶ ላይ የሚታየውን አማካይ ፍጆታ አላመንኩትም፣ እሱ የመኪናው ኮምፒውተር ስሌት ነው እንጂ የተለካ አይደለም። የለካሁት ከፉል እስከ ፉል ነው፣ ማለትም ፉል አስሞልቼ ኪሎሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አደርጋለሁ፣ ነድቼ ነድቼ ድጋሚ ፉል ሳስሞላ የገባውን ሊትር ለተነዳው ኪሎሜትር አካፍዬ በ100 አባዛለሁ። 500 ኪሎሜትር ሄጄ 40 ሊትር ከገባ 8 ሊትር በ100 ኪሎሜትር ማለት ነው። መቅጃው መጀመሪያ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ በቃ እዛ ላይ ይቆማል፣ ትንሽ ጨምርልኝ የሚባል ነገር የለም። የአንድ ሙሌት ቁጥር ብቻውን ደሞ ብዙ አይናገርም፣ መቅጃው አንድ ሊትር ቀድሞ ቢዘጋ ከ40 ሊትር ላይ 2.5 ፐርሰንት ልዩነት ነው፣ ስለዚ የብዙ ሙሌት አማካይ ነው መታየት ያለበት። ከቁጥሩ ጎን ስልኬ ላይ የዛን ሰሞን የአየር ሙቀት፣ የጎማ ንፋስ፣ ኤሲ ከፍቼ እንደነበር፣ እና ጉዞው አጭር አጭር ነበር ወይስ ረጅም የሚለውን እፅፍ ነበር። ነገሩን የፈታልኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ምክንያቱም መዝገቡን ሳየው በብርድ ወቅት ረጅም መንገድ የነዳሁባቸው ሙሌቶች ብዙም አልተጎዱም። ከፍ አሉ፣ ግን ትንሽ ነው። ያበዱት ቁጥሮች ጠዋት ከቤት ሥራ፣ ማታ ከሥራ ቤት፣ መሀል ላይ ሱቅ ደረስ ብሎ መመለስ ያለባቸው ናቸው። ብርዱ ያው ብርድ ነው፣ የተለየው ሞተሩ ለመሞቅ ጊዜ ማግኘት አለማግኘቱ ነው።

ይሄን በዓይኔ ለማየት ከመሪው ስር ያለው የኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚነበብበት) ላይ የምትሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ገዝቼ ከስልኬ ጋር አገናኘኋት። እዛ ላይ የራዲያተር ውሃውን ሙቀት በዲግሪ ታሳያለች፣ የወቅቱን ፍጆታም ታሳያለች። ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ1,000 በላይ ወጥቶ ይጮሃል፣ ውሃው 10 ዲግሪ ምናምን ላይ ነው፣ ከሰፈር ስወጣ 30፣ ዋናው መንገድ ላይ 50፣ እና በዛው መንገድ በዛው ፍጥነት ማታ ሞተሩ ሙቅ እያለ ከማየው ፍጆታ ጋር ሲተያይ የጠዋቱ ለየቅል ነው። ቁጥሩ ወደ 90 ሲጠጋ እኔ ፓርኪንግ እየገባሁ ነው። በቃ፣ ያን ሁሉ ነዳጅ አቃጥዬ ያሞቅኩትን ሞተር አጠፋዋለሁ፣ ለሰዓታት ቆሞ ይቀዘቅዛል፣ ማታ እንደገና ከዜሮ።

ቀዝቃዛ ሞተር ለምን ይበላል ለሚለው ምክንያቱ አንድ አይደለም። ቤንዚን የሚነደው ተን ሲሆን ነው፣ በብርድ ደሞ ቶሎ አይተንም፣ የተረጨው የተወሰነው ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ስለዚ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እንዳይንተፋተፍ ብሎ አብዝቶ ይረጫል። ዘይቱ ወፍራም ነው፣ የሞተሩም የካምቢዮውም፣ እሱን ለማንቀሳቀስ ራሱ ጉልበት ይሄዳል። አውቶማቲክ ከሆነ ደሞ ብዙ መኪኖች ዘይቱ እስኪሞቅ ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን) አይቆልፉትም፣ ስለዚ ካምቢዮው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የጭስ ማጣሪያው ካታሊስት የሚሰራው ሲግል ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ሚኒሞውን ከፍ፣ ኢግኒሽኑን (የካንዴላውን እሳት) ዘግየት አድርጎ ሙቀቱን ወደ ጭስ ማውጫው ይልከዋል። ያ ሙቀት ጎማ አያዞርም፣ ግን ከነዳጅህ ነው የሚወጣው። የአሜሪካ መንግስት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ ላይ እንዳየሁት የከተማ ንዳት ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲሆን ተራ የቤንዚን መኪና በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት በ25 ዲግሪ ከሚሄደው በ15 ፐርሰንት ገደማ ያንሳል፣ ጉዞው 5 እና 6 ኪሎሜትር ብቻ ከሆነ ደሞ እስከ 24 ፐርሰንት ሊደርስ ይችላል፣ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ) ላይ ከ30 ፐርሰንት በላይ ነው።

እዚ ላይ ሁሌ ክርክር የሚነሳባት ነጥብ አለች፣ ቀዝቃዛ አየር እፍግ ያለ ነው፣ ኦክስጅኑ ብዙ ነው፣ ታዲያ መኪናው መቆጠብ አልነበረበትም ወይ? የለበትም። አየሩ ሲበዛ ኮምፒውተሩ በዛው ልክ ነዳጅ ይጨምራል፣ ጉልበት ይጨምር ይሆናል እንጂ ቁጠባ አይደለም። እንደውም ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ ነዳጅ መስጫውን የምትረግጠው ቀለል አርገህ ስለሆነ የአየር መግቢያው ጠበብ ይላል፣ ሞተሩ በቀጭን ስትሮ እንደመምጠጥ እየታገለ አየር ይስባል። በዛ ላይ መኪናው ራሱ የሚገፋው አየር ከብዷል። በባህር ጠለል ልክ 30 ዲግሪ ላይ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.16 ኪሎ ገደማ ነው፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ 1.29፣ ወደ 10 ፐርሰንት ልዩነት። ከተማ ውስጥ አይታይም፣ 100 ላይ ስትነዳ ግን ጎማው ጋ ከሚደርሰው ጉልበት ትልቁ ድርሻ አየር ለመግፋት ስለሆነ ይታያል። በረጅም ጉዞ ላይ ያየሁት ትንሿ ጭማሪ አንዱ ምክንያቷ ይሄ ነው ብዬ ነው የማስበው።

የጎማ ንፋስ ሰው ከሚያወራው ያነሰ ነው ያገኘሁት። ሙቀቱ በየ5 እና 6 ዲግሪው ሲወርድ ጎማው 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያጣል፣ 25 ዲግሪ ከወረደ 4 ምናምን ማለት ነው፣ በፍጆታ ግን የ4ቱም ጎማ አማካይ 1 ፒኤስአይ ሲቀንስ 0.2 ፐርሰንት ነው ልዩነቱ። መንፋት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ንፋሱ የጎደለ ጎማ ጠርዙ ያልቃል፣ ፍሬን ስትይዝም ጥሩ አይደለም። ብቻ የሚለካው ጠዋት ሳይነዳ ነው፣ ጎሚስታው ጋ ነድተህ ስትደርስ ጎማው ሞቆ የጎደለውን ይሸፍንብሃል።

መብራት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ፣ ማራገቢያ፣ ሁሉም ከዲናሞ ነው የሚስቡት፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። የውስጥ ማሞቂያው ግን የሞተሩን ትርፍ ሙቀት ስለሚጠቀም የነዳጅ ወጪው ከቁጥር አይገባም፣ እሱን አትፍሩት። የሚበላው የመስታወት ጉም ማጥፊያው ቁልፍ ነው፣ ብዙ መኪና ላይ እሱ ሲነካ አየሩን ለማድረቅ የኤሲ ኮምፕሬሰሩ አብሮ ይነሳል። መስታወቱ ከጠራ በኋላ ማጥፋት ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር ደሞ የሙቀቱ ወቅት ላይ ነው የመጣው። ብርዱ ሲያልፍ ፍጆታው ወርዶ ወርዶ ጥሩ ቦታ ላይ ከደረሰ በኋላ ሙቀቱ ሲከር እንደገና መውጣት ጀመረ። ኤሲ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ገብቶ ኤሲውን ጥግ ድረስ ከፍቶ አጭር ጉዞ መሄድ፣ በተለይ ደሞ መንገድ ተዘግቶ ቆሞ ኮምፕሬሰሩን ማሰራት፣ ከብርዱ አይተናነስም፣ በጣም ሞቃት ቀን ላይ ከ25 ፐርሰንት በላይ ሊጎዳ ይችላል። እኔ መጀመሪያ መስኮት ሁሉ ከፍቼ የታፈነው አየር እስኪወጣ ትንሽ እነዳና ከዛ ነው ኤሲ የምከፍተው፣ አውራ ጎዳና ላይ ግን መስኮት ዘግቼ ኤሲ እመርጣለሁ። ትንሹን ፍጆታ የመዘገብኩት ብርድም ኤሲም በሌለበት መሀከለኛ ሰሞን ነው።

ዝናብ ላይ ጎማው ውሃ እየገፋ ስለሚሄድ መንገዱ ይከብዳል፣ ግን ከዛ በላይ የሚበላው ዝናቡ የሚያመጣው የመኪና ሰልፍ ነው፣ ቆመህ የምታቃጥለው ነዳጅ ኪሎሜትር የለውም። ነዳጁ ራሱም በጣም በሚበርድባቸው አገሮች በወቅቱ ይቀየራል፣ በብርድ ቶሎ እንዲነሳ ቡታን ይበዛበታል፣ ያኛው በሊትር የያዘው ጉልበት ትንሽ ያንሳል። ጠዋት ሳይሞቅ ቅዳ፣ ብዙ ይገባልሃል የሚባለው ግን አልሰራልኝም፣ ቤንዚን በ10 ዲግሪ 1 ፐርሰንት ገደማ ቢለጠጥም የማደያው ታንከር መሬት ውስጥ ስለሆነ በጠዋትና በቀትር መሀል ሙቀቱ ብዙም አይለወጥም።

ከዚ ሁሉ በኋላ የቀየርኩት ጥቂት ነገር ነው። ጠዋት ቆሜ ማሞቅ ትቻለሁ፣ ሞተር ያለ ሥራ ቆሞ ሲሰራ ቶሎ አይሞቅም፣ ዘይቱ እስኪዞር ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቄ ቀስ ብዬ እነሳለሁ፣ እስኪሞቅ አልረግጥም። ጉዳዮቼን ደሞ አንድ ላይ አደርጋለሁ፣ ሱቅም ሌላም ካለ ከሥራ ስመለስ ሞተሩ ሙቅ እያለ እጨርሳለሁ፣ ራቅ ያለውን አስቀድሜ። ይቺ ብቻዋን ከጎማውም ከሌላውም በላይ ቁጥሩን አወረደችው።

ብልሽትን ከወቅት ለመለየት የማየው የረጅም ጉዞውን ቁጥር ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ኤሲ ተዘግቶ፣ ጎማው ልክ ሆኖ ረጅም መንገድ ላይ ፍጆታው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሰሞን ከፍ ካለ ወቅቱ አይደለም። ያኔ የሚይዝ ፍሬን፣ እና በተለይ ብርድ ላይ ቴርሞስታቱን (የራዲያተር ውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) ነው ማሳየት፣ ክፍት ሆኖ ከቀረ ውሃው ረጅም ተነድቶም 80 አይደርስም፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ መጨመሩን አይተውም፣ ኦቢዲው ላይ ብዙ ጊዜ ፒ0128 የሚል ኮድ ይወጣል።