ላብ ያጣ ዲፓርትመንት

ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ማስተማር ስጀምር የኮምፒውተር ላብ አለን ተብዬ ነበር። ገብቼ ሳየው ግማሹ ማሽን አይነሳም። የመጀመሪያ ቀን "ለምን ጂኦግራፊ መረጣችሁ?" ብዬ ብጠይቅ አንዱ "ቲቸር፣ እኔ አልመረጥኩም፣ ተመድቤ ነው" አለኝ። ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ፈተና ላይ "ኮንቱር መስመሮች (ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ሲቀራረቡ ምን ያሳያሉ?" ስል ሁሉም "ቀጥ ያለ ተዳፋት" ብለው ጻፉ። ካርታ ዘርግቼ "የቱ ጋ ነው?" ስላቸው ግን ዝም። ሀንድአውቱን ሸምድደውታል፣ መሬቱን አያውቁትም።

ለመስክ ጉዞ መኪና ጠየቅኩ፤ በጀት የለም ተባልኩ። አዲስ አበባ እንጦጦ ስር ተዳፋት ላይ ተቀምጣ ምን መኪና ያስፈልገኛል ብዬ፣ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በቸርችል ጎዳና በእግር ይዣቸው ወረድኩ። ስልሳ ተማሪ ባንዴ! ግማሹ ገና ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ቀረ።

በሁለተኛው ዙር ስድስት ስድስት አድርጌ ከፋፈልኳቸው። ለየቡድኑ የ1፡50,000 ካርታ ፎቶኮፒ ሰጠሁ፤ 2 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኮንቱሩም በየ20 ሜትር ከፍታው ይሰመራል። ከፍታውን በስልካቸው ጂፒኤስ እንዲለኩ አዘዝኩ። እዚህ ጋ ጉድ ፈላ። አንድ ቦታ ቆመው የሁሉም ስልክ የተለያየ ቁጥር አወጣ። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን ከሴሚስተሩ ሁሉ ጥሩው ትምህርት እሱ ሆነ፤ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ ከአግድሙ ይልቅ ይሳሳታል፣ አንዳንዱ አፕ ደግሞ የሚቆጥረው ከባሕር ጠለል ሳይሆን ኤሊፕሶይድ ከሚባለው የምድር የስሌት ቅርጽ ተነስቶ ነው። ይሄን ክላስ ውስጥ ባወራው ግማሹ ያንቀላፋ ነበር። ላፕቶፕ ያላቸው ልጆች ነጥቦቹን ማታ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ ላይ አስገቧቸው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ላብ አያስጠብቅም።

አንድ የተሳሳትኩት ነገር፣ ከላይ መጀመሬ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ስለ ተዳፋት ማን ያወራል? አሁን የምነሳው ከለገሃር ነው። ባለፈው ማዘጋጃ ቤት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ያ "ተመድቤ ነው" ያለኝ ልጅ ቆመ፣ ካርታውን አየ፣ ጣቱን መስመሮቹ ላይ አሳረፈ። ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ፦

"ቲቸር፣ ላብ የለንም ያሉት ማን ነበሩ?"