ሾርባው የተደፋበት ቀን

ዛሬ የግቢው ካፍቴሪያ ሥራችን አለቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ ዝሏል። ግን ከመተኛቴ በፊት፣ ነገሩ ትኩስ እያለ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የሆቴልና መስተንግዶ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሲመረቁ ምን እንደሚገጥማቸው አውቃለሁ። ጥሩ ውጤት ይዘው ይወጣሉ። ቀጣሪው ግን ሲቪውን ገልጦ ሳይጨርስ «የት የት ሠርተሻል?» ይላል። ሥራ ለማግኘት ልምድ ይጠየቃሉ፣ ልምዱ ደግሞ ያለ ሥራ አይገኝም። ወደ ግቢው ምግብ አቅራቢ የሄድነው ለዚህ ነው። ከክፍላችን ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በየቀኑ እውነተኛ ሰው የሚበላበት ወጥ ቤት እያለ ተማሪው ለምን በወረቀት ብቻ ይማራል?

አንድ የምሳ መስመር ተለቀቀልን። ሜኑውን፣ ግዢውን፣ ማብሰሉንና መስተንግዶውን ተማሪዎቹ ይመራሉ። የካፍቴሪያው ኃላፊ በበኩላቸው ሁለት ነገር ጠየቁ። ሰልፉ ይጠር፣ የሚጣለው ምግብም ይቀንስ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። በመለማመጃው ወጥ ቤት ለአራት ሰው ማብሰል የለመዱ ልጆች ናቸው። ለመቶዎች ሲሆን ሁሉን ነገር በዚያው ልክ ማባዛት እንደማይሠራ በእጃቸው አዩት። ቅመሙ ይበዛል፣ ሩዙ ውሃ ይቋጥራል፣ ትልቁ ድስት ለመፍላት የሚፈጀው ጊዜም ሌላ ነው። ደግሞ የግቢ ተመጋቢ እንደ መንገደኛ አይደለም። ትናንት የበላው ሰው ዛሬም ይመጣል፣ ነገም ይመጣል። ሁሉም ክፍል ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ተማሪዎቹ ምግቡን ሁሉ ጠዋት ከማብሰል ይልቅ ሰልፉን እያዩ በየተራ ማብሰል የጀመሩት ከሁለት የተጨናነቁ ቀናት በኋላ ነው።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ማክሰኞው ሾርባ ነው።

አንዷ ተማሪዬ በምግብ ደኅንነት ፈተና ከክፍሉ አንደኛ የወጣች ናት። የበሰለ ምግብ ሲቀዘቅዝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቀጣዮቹ አራት ሰዓታት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ መውረድ እንዳለበት በቃሏ ትወጣዋለች። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የተረፈውን ሾርባ ከነድስቱ ጠረጴዛ ላይ ተወችው። የጥልቅ ድስት መሃሉ ቶሎ እንደማይቀዘቅዝ ታውቃለች። ግን የሚታጠበው ዕቃ ተከምሯል፣ የነገው አትክልት አልተከተፈም፣ ከወዲያም ከወዲህም ይጠሯታል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ቴርሞሜትር ከተቱበት። 44 ዲግሪ።

«ሼፍ፣ በደንብ አፍልተነው ነገ ብናቀርበውስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይሆንም ልጄ። ብታፈዪው ተህዋሲው ይሞት ይሆናል። አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም።» አልተቆጧትም። ቀጥለው «ነገ በዚህ ፈንታ ምን እናቀርባለን?» ብለው ጠየቋት።

ሾርባውን መዝና ራሷ ደፋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ማታ የወጪ ካርዱን አውጥታ የተደፋው ስንት እንደሚያወጣ አሰላች፣ ለነገም ሌላ ምግብ አቀደች። በማግስቱ ማንም ሳያዛት ትርፉን በሰፋፊ ዝርግ ትሪዎች ከፋፍላ፣ በረዶ ላይ አስቀምጣ፣ ሰዓቱን ጽፋ ለጠፈችበት። ሃሳፕ የሚባለው የምግብ ደኅንነት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፒልስበሪ የተባለው ኩባንያ ከናሳ ጋር ለጠፈርተኞች ምግብ ሲያዘጋጅ እንደተጀመረ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ዓመቱን ሁሉም ይይዘዋል። «ወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ» የሚባለው፣ አደጋውን ማስቆም የግድ የሚሆንበት የሥራ ደረጃ፣ ምን እንደሆነ ግን ልጆቹ የገባቸው ያን ማክሰኞ ይመስለኛል።

የሚጣለውን ምግብ ለመቀነስ ሦስት ማጠራቀሚያ አዘጋጁ። አንዱ በማከማቻ ለተበላሸ፣ አንዱ ለዝግጅት ትርፍ፣ አንዱ ከሳህን ለተመለሰ። በየቀኑ መዘኑ። አብዛኛው ከሳህን የሚመለስ ሩዝ ነበር። ችግሩ ጣዕሙ ሳይሆን ጭልፋው ሆኖ ተገኘ። በአነስተኛ ጭልፋ ቀየሩና የፈለገ እንዲያስጨምር አደረጉ። ሜኑውንም ማይክል ካሳቫናና ዶናልድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ባስተዋወቁት ዘዴ ፈተሹት። ምግቡ ምን ያህል ይፈለጋል? ምን ያህልስ ያስገኛል? በዘዴው መሠረት 10 ምግብ ካለ፣ አንዱ ተፈላጊ የሚባለው ከጠቅላላው ሽያጭ ቢያንስ 7 በመቶውን ሲይዝ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ያዛጉ ነበር። እዚህ ግን የራሳቸው ምግብ ከሜኑ ይውጣ አይውጣ በሚል ሲከራከሩ መሸ።

አንድ ነገር ውስጤን ይቆጠቁጠኛል። ባለፈው ዓመት ተማሪዎችን ወደ ሌላ ቦታ ልከን ነበር። ሽንኩርት ሲልጡና ሳህን ሲያጥቡ ከረሙ፣ በመጨረሻ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። መላጥም ማጠብም የሙያው አካል ነው፣ አልንቀውም። ነገር ግን አንድም ውሳኔ በእጃቸው አልገባም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የፈረምኩት ስምምነት ተማሪው ምን እንደሚወስን አይልም ነበር። ዘንድሮ በግልጽ ጻፍነው። ከፕሮጀክቱ ሰዓት ውጪ ፈረቃ የሚሸፍን ተማሪ እንደማንኛውም ሠራተኛ እንዲከፈለውም ተስማማን። ተማሪ ነጻ ጉልበት አይደለም። በዚህ አልደራደርም።

ከየቀኑ ሥራ በኋላ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብለን እናወራ ነበር። ምን ሆነ? ለምን? ነገ ምን እንቀይር? ደክሟቸው እያለ ማስቀመጥ ያሳዝናል። ግን ያለዚያ ሦስቱ ሳምንት ድካም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የሙቀት መዝገቡ፣ የወጪ ካርዱ፣ የብክነት ሚዛኑ በየተማሪው ፋይል ገብቷል። ለቀጣሪ የሚያሳዩት ነው።

ትናንት የቃለ መጠይቅ ልምምድ አደረግን። ኃላፊዋና ከውጭ የመጡ አንድ የሆቴል ባለሙያ ጠያቂዎች ነበሩ። ባለሙያው ያቺን ልጅ «ስህተት የሠራሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሏት። ሌሎቹ ተማሪዎች ከዚህ በፊት ለዚህ ጥያቄ ከኢንተርኔት የሸመደዱትን ይመልሱ ነበር። እሷ ሾርባውን ነገረቻቸው። ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ስንት እንደከሰሩ፣ በማግስቱ ምን እንዳቀረበች። ባለሙያው መጻፋቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር።

ዛሬ ስንሰነባበት ኃላፊዋ ለቀጣዩ ቡድን ምን እንቀይር አሉኝ። ሰኞ ከተማሪዎቹ ጋር እንጽፋለን አልኳቸው። ቤት ስገባ ስልኬ ላይ መልእክት ጠበቀኝ፤ ሾርባውን ከደፋችው ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ ሰኞ እንዳልረሳው ነው። በየፈረቃው ማቀዝቀዝን ብቻ የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ። ያን ቀን ሁላችንም እዚያው ነበርን፣ ሥራው ግን የማንም አልነበረም።»