ዘጠኝ ተከራይ፣ ሁለት ቤት

አዲስ አበባን ሐምሌ ላይ በዝናብ ትቻት ሄድኩ። ሜልቦርን በዝናብ ተቀበለችኝ። እዚያም ሐምሌ ክረምት ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ክረምት፣ ያውም በራሴ ገንዘብ። በመሃል ስላለው በረራ የምለው የለኝም፤ ጉልበቴ ብቻ ያስታውሰዋል።

እህቴ እታለም ኤርፖርት መጥቼ ልቀበልህ ስትለኝ "አላስቸግርሽም" ብዬ ተኩራርቼ ነበር። ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ ከተማውን ያስጎበኘኝ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነበር የተጓዝኩት። የእህቴ ሰፈር ፉትስክሬይ ስንደርስ 95 ዶላር አለኝ። እህቴ በሩን ከፍታ ከማቀፏ በፊት "ስንት ከፈልክ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ተበላህ!" አለችና ከዚያ በኋላ አቀፈችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺ 95 ዶላር ከቡናው ጋር ትቀርብ ነበር።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛሁ። ተኛሁ ማለት ግን ይከብዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር መሮጥ ጀመረ። ቀጥሎ እንደታነቀ ሰው ያንቋርር ገባ። ሌባ ነው ብዬ የእህቴን ልጅ ቀሰቀስኩት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ "ፖሰም ነው፣ ጋሼ፣ ተኛ" አለኝ። ድመት የሚያክል እንስሳ ነው፤ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ማንም አይነካውም። የእኛ ሰፈር ጅብ እንኳ ጣሪያ ላይ አይወጣም።

እንግዲህ እንቅልፍ ካጣሁ አይቀር ብዬ ሲነጋጋ ወጣሁ። ፉትስክሬይን አበሻ ሁሉ ያውቃታል። ኒኮልሰን ስትሪት ላይ እንጀራ፣ በርበሬ፣ የአማርኛ ማስታወቂያ፣ ሱቁን እየከፈተ በስልክ የሚጨቃጨቅ ሰው አለ። ቡና ጠጣሁና ሒሳቡን በልቤ ወደ ብር መነዘርኩት። ይህ መጥፎ አመሌ ነው፤ ምንም ነገር አያስጥመኝም።

እኔ የኳስ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋም ሚስማር ተራም ተቀምጬ ድምፄ እስኪጠፋ የጮህኩ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ የሰዉን ቤተ ክርስቲያን ከማየቴ በፊት ሜዳውን ማየት እፈልጋለሁ። ከእህቴ ቤት በእግር የሚደረስ ሜዳ አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ዊተን ኦቫል ይባላል። የድሮ ሰው ግን ዌስተርን ኦቫል ነው የሚለው።

ፉቲን፣ ማለትም የአውስትራሊያን እግር ኳስ፣ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ላስረዳ። ሜዳው ሞላላ ነው። ኳሱም ሞላላ ነው። በየቡድኑ አሥራ ስምንት ሰው ይገባል። ኳሱን በእግር ይመቱታል ወይም በአንድ እጅ ይዘው በሌላው በቡጢ ያሻግሩታል። በየጫፉ አራት አራት ቋሚ እንጨት አለ። በመሃለኞቹ መካከል በእግር ተመትቶ ካለፈ ስድስት ነጥብ ነው። ስቶ በዳርና በመሃለኛው እንጨት መካከል ካለፈስ? አንድ ነጥብ ይሰጡሃል። ለሳተ ሰው ነጥብ! አጥቂዎቻችን ይህን ቢሰሙ ነገውኑ ቪዛ ይጠይቃሉ።

ዊተን ኦቫል በር ላይ የቴድ ዊተን ሐውልት ቆሟል። ለሰፈሩ ክለብ ለፉትስክሬይ 321 ጨዋታ የተጫወተ ሰው ነው። በ1995 በካንሰር ሲሞት ሜዳው በስሙ ተጠራ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሐውልቱን ፎቶ ሳነሳ ውሻ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቀረቡኝ። ሰፈሩ ውስጥ የተወለዱ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ግማሹ አልገባኝም። ሲያወሩ ግን በእጃቸው ስለሚስሉ ሌላውን ከእጃቸው አነበብኩ።

ልጅ ሳሉ አባታቸው የቢራ ቆርቆሮ ያቀብሏቸው ነበር። ባዶውን ማለት ነው። ከሰው ጀርባ ሆነው ለማየት እሱን ደርድረው ይቆሙበታል። ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በከተማው ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመራል። በሬዲዮ የሌላውን ሜዳ ውጤት የሚያዳምጥ ሰው አጠገብ መቆም ትልቅ ዕድል ነበር። ሜዳው ጭቃ ነው። ነፋሱ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሳንቲም ጥሎ የረታ ካፒቴን ነፋሱን ከኋላው አድርጎ የሚመታበትን ጎል ነበር የሚመርጠው። ሳይረን ሲነፋ ልጆች አጥሩን ዘለው ይገቡና እስኪመሽ እርስ በርስ ኳስ ይመታሉ። ከዚያ በእግር ወደ ቤት።

"በእግር" የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ደገሟት።

ፉትስክሬይ ዋንጫ የበላው በ1954 ነው። ከዚያ በ1989 ሊጉ ክለቡን ከሌላው የሜልቦርን ክለብ ከፊትዝሮይ ጋር ሊያዋህደው ወሰነ። ዕዳ ነበረበት። የሰፈሩ ሰው ቆርቆሮ እያንኳኳ በየበሩ ዞረና ገንዘቡን ሞላው፤ ክለቡም ተረፈ። ሽማግሌው ባለቤታቸው ለመጋረጃ ያስቀመጡትን ገንዘብ ሰጥተዋል። "መጋረጃው ተገዛ?" አልኳቸው። "በ1992" አሉኝ። የተረፈው ክለብ ግን በ1996 መጨረሻ ስሙ ዌስተርን ቡልዶግስ ተባለ፤ በ1997 ደግሞ እዚህ ሜዳ ላይ የመጨረሻውን የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ ወጣ። ቢሮውና ልምምዱ እስካሁን እዚሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሌላ ቦታ ይጫወታል።

ይህን ስሰማ አንጀቴን በላኝ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት የተከራየሁ ሰው ነኝ። ከኮተቤ እስከ ጀሞ። "ልጄ ከውጭ እየመጣ ነውና ቤቱን ልቀቅ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሦስት አከራይ አፍ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የክለብ ታሪክ ሲነገረኝ ጆሮዬ ቀድሞ የሚሰማው የቤቱን ነገር ነው።

በነገራችን ላይ እኛ "ጊዮርጊስ በሜዳው ተጫወተ" እንል ነበር። የትኛው ሜዳው? ጊዮርጊስም ቡናም መከላከያም እዚያው አዲስ አበባ ስታዲየም ነበሩ። አንዱ እንግዳ አንዱ ባለቤት የሚሆነው በወረቀት ነው። አሁን ደግሞ ሊጉ ከከተማ ከተማ ተሰብስቦ ሲጫወት ያቺም የወረቀት ባለቤትነት ቀርታለች። ሜልቦርን ውስጥ ግን በአንድ ወቅት አሥራ አንድ ክለብ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ሰፈር፣ የራሱ አጥር፣ የራሱ ጭቃ ነበረው።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ወደ ዶክላንድስ ወሰደኝ። በ2000 የተከፈተ፣ ጣሪያው የሚዘጋ ስታዲየም ነው። ውጭ ይዘንባል፣ ውስጥ ምንም የለም። ነፋስ የለም። ጭቃ የለም። ወንበሩ ንጹሕ ነው፤ ስክሪኑ የጎረቤትህን ፎቅ ያክላል። ልጁ ደስ ብሎታል። ልዋሽ አልችልም፣ እኔም እግሬ ስላልረጠበ ደስ ብሎኛል። ፓይ ገዛን፤ በሥጋ የተሞላ ትኩስ ነገር ነው። በማንኪያ አይበላም፣ ነክሰህ ነው። ምላሴን አቃጠልኩና ሁለት ቀን ሽሮ እንኳ አልጣመኝም። ከተማው ውስጥ ዛሬ ዘጠኝ ክለብ አለ፤ እዚሁ ከተማ የሊጉን ጨዋታ የሚጫወቱት በሁለት ስታዲየም ነው፤ እዚህና ኤም ሲ ጂ በሚባለው መቶ ሺህ ሰው በሚይዘው። ዘጠኝ ተከራይ፣ ሁለት ቤት። ልጁን "ይሄ የማን ሜዳ ነው?" ብለው "ዛሬ የእኛ ነው" አለኝ። "ነገስ?" "ነገ የሌላ ክለብ።" ጥያቄው ምን እንደሚያሳዝን አልገባውም።

በቀጣዩ ሳምንት ብቻዬን ትራም ይዤ ፊትዝሮይ ሄድኩ። መንገድ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፤ ከዚያ በላይ የሚነገር የለም። ብራንዝዊክ ስትሪት ሜዳ ላይ በ1888 የተሠራው የእንጨት ትሪቡን አሁንም ቆሟል። ሥሩ ተቀምጬ እህቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ በላሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት ውሻዋን ታስሮጣለች።

የፊትዝሮይን ነገር ሳነብ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ሊጉ በ1897 ሲጀመር ከስምንቱ መሥራቾች አንዱ ነው፤ ስምንት ዋንጫ በልቷል። በ1966 ይህን ሜዳ ለቀቀ። ከዚያ ካርልተን ሜዳ ተከራየ። ከዚያ ሴንት ኪልዳ የለቀቀው ጀንክሽን ኦቫል ገባ። ከዚያ ኮሊንግዉድ ሜዳ። ተመልሶ ካርልተን። በመጨረሻ ፉትስክሬይ፣ ማለትም በ1989 ሊዋሐደው የነበረው ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ። ሠላሳ ዓመት ዕቃውን ጭኖ ዞረ። በ1996 የመጨረሻ ጨዋታውን ከከተማው ርቆ ፐርዝ ላይ ተጫወተ፤ ከዚያ ከብሪዝበን ክለብ ጋር ተዋሐደና ስሙ ከሊጉ ወጣ። ዕቃ ጭኖ መዞር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ስፖርት ዜና ነው የሚያነበው።

ከዚያ ወደ ቪክቶሪያ ፓርክ ሄድኩ፤ የኮሊንግዉድ የድሮ ሜዳ። ባቡር ጣቢያው በስሙ ነው የሚጠራው፣ ከጣቢያው ወርደህ ወዲያው አጥሩ ጋ ትደርሳለህ። በ1999 የመጨረሻውን የሊግ ጨዋታ አስተናገደ። አሁን በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ሣሩ ላይ መሮጥ ይችላል። ደስ ይላል። ግን ትዝታው ሁሉ ማር አይደለም። ሚያዝያ 1993 እዚህ ነው፣ የሴንት ኪልዳው ኒኪ ዊንማር ከደጋፊው ስድብ ሲዘንብበት ውሎ ካሸነፉ በኋላ ማሊያውን ወደ ላይ ገልቦ ቆዳውን በጣቱ ያሳየው። ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ወገን ነው፣ ጥቁር ነው። አጥሩን ተደግፌ ርቀቱን ለካሁት። ደጋፊውና ተጫዋቹ ትንፋሽ ለትንፋሽ ነበሩ። ቅርበት ጥሩ ነው የምንለው የሚጮኸው ሰው እኛን የሚወድ ሲሆን ነው። ማታ ለእህቴ ስነግራት "እኔ በዚያ ዘመን ብመጣ ሜዳ አልገባም ነበር" አለች። ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

ካርልተን በ2005 ፕሪንስስ ፓርክን ሲለቅ የሜልቦርን የሰፈር ሜዳ ዘመን ተዘጋ ይባላል። ግን የሴቶቹ ሊግ በ2017 ሲጀመር የመጀመሪያው ጨዋታ እዚያው ፕሪንስስ ፓርክ ነበር። 24,568 ሰው ገባና በሩ ተቆለፈ፤ ውጭ የቀረው ብዙ ነበር። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። ውጭ ከቀሩት አንዷ ነበረች። ኳስ እንደምትወድ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ አዲስ አበባ ሳለን ስታዲየም ልሂድ ስትል እቤት ተቀመጪ እንላት ነበር። "እናንተ" አለችኝ፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ። እናንተ ማለት እኔ ነኝ።

ከመመለሴ በፊት ባለው እሑድ ዊተን ኦቫል ላይ የታችኛው ሊግ ጨዋታ ነበር። ሦስታችንም ሄድን፤ እህቴ ሁለት ካፖርት ደርባ። ነፋሱ እንደተነገረኝ ነው፤ ኳሱ ተመትቶ ወደ መታው ሰው ሊመለስ ምንም አይቀረው። ሽማግሌው ከነውሻቸው አጥሩ ጋ ቆመዋል። ያኔ ያልጠየቅኋቸውን ጠየቅሁ፤ ክለቡ በ2016 ዋንጫ ሲበላ የት ነበሩ? ከስድሳ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቤታቸው። ብቻቸውን። ባለቤታቸው ከዚያ በፊት ሞተዋል። መጋረጃውን ዘግቼ አየሁት አሉኝ። የትኛውን መጋረጃ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጆች ኳስ እየያዙ ሣሩ ላይ ፈሰሱ። ማንም አልከለከላቸውም። የእህቴ ልጅም ገባ። እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ። ሽማግሌው ከአንዱ ልጅ ኳስ ተቀብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከባድ ነው፣ ቆዳው ርጥብ ነው፣ የትኛው ጫፍ ወደ ታች እንደሚሆን አይታወቅም። ጎሉ ከሃያ እርምጃ አይርቅም። ነፋሱም ከኋላዬ ነው። የሠፈሬን የጨርቅ ኳስ እንደምመታ አድርጌ መታሁት።

ኳሱ ወደ ግራ ዞረ፣ ከአራቱም እንጨት ውጭ አለፈና የአንዲት ሴትዮ ሻይ ላይ አረፈ።

"አንዷን ነጥብ እንኳ አታገኝም" አሉ ሽማግሌው።

ለሴትዮዋ ሻይ ልገዛላት ሄድኩ። እምቢ አለች። እታለም ከኋላዬ "ዋጋውን ጠይቅ መጀመሪያ!" እያለች ትስቃለች።